ደወሉ የተሰቀለው ማመንጫው ላይ ነው፦ ቫይረሶች የሕዋሳችንን ጉልበት እንዴት ያዛባሉ?

ቫይረስ በራሱ አንዲት ቅንጣት ጉልበት አያመርትም። አይመገብም፣ አይተነፍስም፣ በሕዋስ ውስጥ ጉልበት የሚመረትበት ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ክፍልም የለውም። ከሕዋስ ውጭ ሳለ በፕሮቲን የተጠቀለለ የዘር መመሪያ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን መመሪያው ይገለበጣል፣ ፕሮቲኖቹ ይሠራሉ፣ አዳዲስ ቅንጣቶች ታሽገው ይወጣሉ። የዚህ ሁሉ ወጪ የሚሸፈነው ሕዋሱ ለራሱ ኑሮ ካመረተው ጉልበት ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ቫይረሱ ጉልበታችንን ስለሚበላው እንደክማለን» ማለት ይቀናል። አባባሉ ፈጽሞ ስህተት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይዘለዋል። ማይቶኮንድሪያ የጉልበት ማመንጫ ብቻ አይደለም። ሕዋሱ «ቫይረስ ገባብኝ» ብሎ የሚጮኽበት ደወልም የተሰቀለው በዚሁ ማመንጫ ግድግዳ ላይ ነው። ብዙዎቹ ቫይረሶች ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚያቀኑት ደወሉን ለማፈን ሲሆን፣ ማመንጫው የሚጎዳው በዚያ ግብግብ መሃል ነው። ይህን ከያዝን የተለያዩ ቫይረሶች ለምን በአንድ ቦታ እንደሚገናኙ፣ አንዳንዶቹም ለምን ማመንጫውን ከመጉዳት ይልቅ እንደሚንከባከቡት ይገባናል።

ማመንጫው እንዴት ይሠራል?

ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው። የውጨኛው ለጥ ያለ ነው፤ የውስጠኛው ደጋግሞ የተጣጠፈ ነው፤ ሥራው የሚሠራውም በእጥፋቶቹ ላይ ነው። ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች በውስጠኛው ሽፋን ላይ በተተከሉ አራት የፕሮቲን ስብስቦች በኩል ይቀባበላሉ። ስብስቦቹ ኮምፕሌክስ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ይባላሉ። መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮኖቹን የሚረከባቸው የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው፤ ተረክቦም ውሃ ይሆናል። በቅብብሎሹ መካከል ኮምፕሌክስ 1፣ 3 እና 4 ፕሮቶኖችን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋሉ።

ፕሮቶኖቹ ውጭ ሲከማቹ በሽፋኑ ሁለት ገጽታዎች መካከል ከ150 እስከ 180 ሚሊቮልት የሚደርስ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ሆኖም ሽፋኑ ከ5 እስከ 6 ናኖሜትር ብቻ ስለሚወፍር፣ በሜትር ሲሰላ 30 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ይመጣል። የታፈኑት ፕሮቶኖች ወደ ውስጥ የሚመለሱት በዋናነት ኤቲፒ ሲንቴዝ በሚባል ሞተር በኩል ነው፤ ውሃ ወፍጮን እንደሚያዞር ሞተሩን ያዞሩታል። በሰው ሕዋስ ውስጥ 8 ፕሮቶኖች ሲያልፉ ሞተሩ አንድ ዙር ይዞራል፤ በአንድ ዙር 3 ኤቲፒ ይወጣል፤ ኤቲፒ ሕዋሱ ለሥራው የሚያወጣው የጉልበት ሞለኪውል ነው። የፕሮቶን ክምችት የጉልበት ምንጭ ነው የሚለውን ሐሳብ ፒተር ሚቼል ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው)፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

የተመረተው ኤቲፒ ከማይቶኮንድሪያ ለመውጣት ሁለት በሮች ያልፋል። በውስጠኛው ሽፋን ላይ ኤኤንቲ የሚባል መለዋወጫ አለ፤ አንድ ኤቲፒ ሲያስወጣ አንድ ያገለገለ ኤዲፒ ያስገባል። በውጨኛው ሽፋን ላይ ደግሞ ቪዳክ የሚባል ሰፊ ቀዳዳ አለ። ስማቸው ይያዝልን፤ ቫይረሶች በተደጋጋሚ የሚነኩት እነዚህን ነው።

አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያመርተው ኤቲፒ ተደምሮ ቢመዘን ከራሱ ክብደት ጋር ይቀራረባል። በማንኛውም ቅጽበት በሰውነቱ ውስጥ የሚገኘው ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የሚቀመጥ ትርፍ የለም ማለት ነው፤ ያው ሞለኪውል በቀን ውስጥ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ይሞላል፣ ይራገፋል። ልብ፣ አንጎልና ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ የኦክስጅን እጥረት የሚጎዱት ለዚህ ነው።

ሌላም የሚታወቅ ድክመት አለ። ማይቶኮንድሪያ 16,569 ፊደላት ያሉት የራሱ ክብ ዲኤንኤ አለው፤ በላዩም 37 ጂኖች። ከእነዚህ ፕሮቲን የሚያሠሩት 13 ብቻ ናቸው። የቀሩት ከ1,100 የሚበልጡ የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች የሚታዘዙት በኒውክሊየስ ነው፤ ከውጭ ተሠርተው ቶም በሚባል በር ይገባሉ። ኮምፕሌክስ 1ን ብንወስድ ከ45 ክፍሎቹ 7ቱ የውስጥ፣ 38ቱ የውጭ ሥራ ናቸው። ብዙ ቫይረሶች ሕዋሱ የራሱን ፕሮቲን እንዳይሠራ ሲያግዱት፣ ማይቶኮንድሪያውን በቀጥታ ባይነኩትም የመለዋወጫ ዕቃው አቅርቦት ይቋረጥበታል።

ደወሉና መቀሱ

የዘር መመሪያቸው ከዲኤንኤ ጋር በሚቀራረበው አር ኤን ኤ የተጻፈ ቫይረሶች ሕዋስ ውስጥ ሲባዙ የሕዋሱ ያልሆነ ቅርጽ ያለው አር ኤን ኤ ይተዋሉ። ይህን የሚያሸቱ ሁለት ጠባቂ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሪግ-አይ እና ኤምዲኤ5። ባዕዱን አር ኤን ኤ ሲይዙ ቅርጻቸው ይለወጥና በማይቶኮንድሪያ ውጨኛ ሽፋን ላይ ወደተተከለው ማቭስ ወደሚባል ፕሮቲን ይሄዳሉ። ማቭስ በ2005 በአራት የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ስለተገኘ ለጥቂት ጊዜ አራት ስም ነበረው። የተነካ ማቭስ ጎረቤቱን ይይዛል፣ ጎረቤቱም ሌላውን፤ በሽፋኑ ላይ ረጅም የፕሮቲን ክር ይፈጠራል። ክሩ ሲፈጠር ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን እንዲመረት ትዕዛዝ ይወጣል፤ በዙሪያው ያሉ ሕዋሳትም ቫይረሱ ሳይደርስባቸው በሮቻቸውን ይዘጋሉ።

እዚህ ላይ ወሳኙ ነጥብ ይመጣል። በ2011 የታተመ ሥራ እንዳሳየው ማቭስ በደንብ እንዲሠራ የማይቶኮንድሪያው ቮልቴጅ መኖር አለበት። ቮልቴጁ ከወረደ ደወሉም ይደክማል። ስለዚህ የፕሮቶኑን ግድብ የሚሸነቁር ቫይረስ በአንድ ሥራ ሁለት ነገር ያገኛል፤ ማመንጫው ይዳከማል፣ ጩኸቱም ይታፈናል።

ደወሉን በማፈን ረገድ ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የራሱን ረጅም ፕሮቲን ቆራርጦ ለሥራ የሚያዘጋጅበት ኤንኤስ3/4ኤ የሚባል መቀስ አለው። ይኸው መቀስ ማቭስን በ508ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ይቆርጠዋል። ማቭስ 540 አሚኖ አሲድ ያለው ሲሆን ከሽፋኑ ጋር የሚያያዘው በጭራው በኩል ነው። በ508 ላይ ሲቆረጥ ራሱ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ነገር ግን ከግድግዳው ተላቅቆ ይወድቃል። ግድግዳ የሌለው ደወል አይደወልም። የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስም፣ ከሄፓታይተስ ሲ ጋር የዘር ዝምድና ሳይኖረው፣ በራሱ መቀስ ይህንኑ ማቭስን ይቆርጣል። ሁለት ባዕዳን ቫይረሶች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ላይ መድረሳቸው ደወሉ ምን ያህል እንደሚያሳስባቸው ይመሰክራል።

የኢንፍሉዌንዛ ኤ መንገድ ሌላ ነው። በ2001 የተገኘው ፒቢ1-ኤፍ2 የሚባል ፕሮቲኑ 90 ገደማ አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ መመሪያውም ፒቢ1 በሚባለው ትልቅ ጂን ውስጥ፣ ፊደላቱ አንድ እርምጃ ገፋ ተደርገው ሲነበቡ የሚገኝ ነው። ይህ ፕሮቲን በቶም በር ገብቶ ውስጠኛው ሽፋን አካባቢ ይከማቻል። ኤኤንቲንና ቪዳክን ይይዛል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ማይቶኮንድሪያውም ተቆራርጦ ወደ ትናንሽ ክቦች ይለወጣል። የ1918ቱ ወረርሽኝ ቫይረስ ሙሉውን ፕሮቲን ይሠራ ነበር፤ የ2009ኙ ኤች1ኤን1 ግን ከ11 አሚኖ አሲድ በኋላ የሚቋረጥ ቁራጭ ነበረው። የበሽታውን ክብደት በዚህ አንድ ፕሮቲን ብቻ መተንተን አይቻልም፤ የራሱ ድርሻ ግን አለው።

ኮቪድ 19ን የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ ኦአርኤፍ9ቢ የሚባል ፕሮቲኑን ቶም70 ላይ ያስቀምጣል። ቶም70 ሁለት ሥራ ያለው ነው፤ ከውጭ የሚገቡ ፕሮቲኖችን ተቀብሎ ወደ በሩ ይመራል፣ የማቭስንም መልእክት ወደ ቀጣዩ አድራሽ ያሻግራል። መቀመጫው ሲያዝበት ሁለቱም ሥራ ይስተጓጎላል። ኢንተርፌሮኑ ይዘገያል፤ ሲመጣም ቫይረሱ ከተስፋፋ በኋላ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የዘገየ ኢንተርፌሮን ቫይረሱን ከማስቆም ይልቅ ብግነቱን ያባብሳል።

ነዳጁ ሲቀየር

በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ግሉኮስ መብላቱን ያበዛል፤ ይሁንና ግሉኮሱን እስከ መጨረሻው አያቃጥለውም። ከማይቶኮንድሪያ ውጭ በግማሽ መንገድ ሰብሮት ላክቴት አድርጎ ይጥለዋል። ከአንድ ግሉኮስ በዚህ መንገድ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ ነው፤ በማይቶኮንድሪያ በኩል ቢሄድ 30 ገደማ ይሆን ነበር።

ኪሳራ የሚመስለው ይህ ለውጥ ለቫይረሱ ትርፍ ነው። ቫይረስ ከኤቲፒ በተጨማሪ ጥሬ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ለዘሩ ኑክሊዮታይድ፣ ለፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ፣ ሽፋን ላላቸው ቫይረሶች ደግሞ ስብ። ግሉኮስ እስከ መጨረሻው ከተቃጠለ ካርቦኑ በትንፋሽ ይወጣል። በግማሽ መንገድ ሲሰበር ግን ካርቦኑ ለግንባታ ይውላል። ማይቶኮንድሪያውም ያለውን ሲትሬት ለራሱ ከመጠቀም ይልቅ ወደ ውጭ ይልከዋል፤ ከእርሱም አዲስ ስብ ይሠራል። ማመንጫ የነበረው የግንባታ ዕቃ ማከፋፈያ ይሆናል።

ላክቴቱ ራሱ ገለልተኛ ጥራጊ አይደለም። በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ላክቴት ከማቭስ ጋር ተጣብቆ ደወሉን ያዳክመዋል። ስለዚህ የነዳጅ ለውጡ ለቫይረሱ ጥሬ ዕቃ ማቅረብ ብቻ ሳይሆን ጩኸቱን ለማፈንም ይረዳል።

ቅርጹ፣ ሞቱ፣ ፍሳሹ

ማይቶኮንድሪያ በሥዕል እንደምናየው ተነጥሎ የተቀመጠ ባቄላ አይደለም፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚጣመርና የሚቆራረጥ መረብ ነው። ማይቶፊዩዚን የሚባሉ ፕሮቲኖች ያጣምሩታል፤ ዲአርፒ1 የሚባለው እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ይቆርጠዋል። የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ይለያል፣ ፓርኪን የሚባል ፕሮቲን ምልክት ያደርግበታል፣ ከዚያም ሕዋሱ ያጣራዋል። ይህ ጤናማ ጽዳት ነው።

ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይህን ጽዳት ለራሳቸው ያውሉታል። ማይቶኮንድሪያውን ያቆስላሉ፤ የቆሰለው በፍጥነት እንዲቆረጥና እንዲጸዳ ያደርጋሉ። በዚህም የተያዘው የጉበት ሕዋስ ሳይሞት ለዓመታት ቫይረስ እያመረተ ይቆያል። የዴንጊ ቫይረስ ደግሞ ማይቶፊዩዚኖችን በራሱ መቀስ ይቆርጣል፤ በሌላ ፕሮቲኑ ግን ማይቶኮንድሪያው እንዲረዝም ይገፋፋል። የሚቃረን ይመስላል፤ ሁለቱም አካሄዶች ግን በመጨረሻ የኢንተርፌሮኑን መልእክት ያዳክማሉ።

የሕዋሱ የመጨረሻ መከላከያ ራሱን ማጥፋት ነው። ባክስ የሚባል ፕሮቲን ውጨኛውን ሽፋን ይበሳል፣ ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ከዚያ ሕዋሱ በሥርዓት ይፈርሳል፤ ቫይረሱም አብሮ ይቀበራል። እዚህ ላይ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የሚያደርገውን ማየት ተገቢ ነው፤ «ቫይረስ ሁሉ ማመንጫውን ያወድማል» የሚለውን የተለመደ አባባል ያርመዋልና። ይህ ቫይረስ ቀስ ብሎ የሚራባ ስለሆነ ሕዋሱ ቶሎ ቢሞትበት ይከስራል። ስለዚህ አንዱ ፕሮቲኑ ባክስን አስሮ ይይዛል። ቤታ2.7 የሚባል አር ኤን ኤው ደግሞ ኮምፕሌክስ 1 ላይ ተለጥፎ ስብስቡን ያጸናዋል፤ ሕዋሱ በጭንቀት ላይ ሆኖም ኤቲፒ ማምረቱን ይቀጥላል። ይህ ቫይረስ ማመንጫውን ይጠብቀዋል።

ኤሌክትሮኖች ሲቀባበሉ አንዳንዶቹ ከመንገድ ይወጣሉ፤ በተለይ ኮምፕሌክስ 1 እና 3 ላይ። ያለጊዜው ኦክስጅንን ሲያገኙ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ቅንጣት ይፈጥራሉ። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ መጠኑ ይገደባል፤ የኤሌክትሮኖቹ የቅብብሎሽ ሰንሰለት በተስተጓጎለ ጊዜ ግን ይበዛል። በቅድሚያ የሚጎዳውም አጠገቡ ያለው የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ነው። ይህ ዲኤንኤ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ሲያመልጥ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ማይቶኮንድሪያ ከ1 ቢሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከባክቴሪያ የመጣ ስለሆነ ዲኤንኤው የባክቴሪያ ይመስላል፤ ሲጋስ የሚባለው ጠባቂ እንደ ወራሪ ቆጥሮት ተጨማሪ ብግነት ይቀሰቅሳል። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 በበኩሉ ዩኤል12.5 በሚባል ኢንዛይሙ የማይቶኮንድሪያውን ዲኤንኤ ጨርሶ ያጠፋዋል።

መድኃኒቱ ራሱ ሲጎዳ

የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ የሚገለበጠው ፖሊመሬዝ ጋማ በተባለ ኢንዛይም ነው። አንዳንድ ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች ቫይረሱን የሚያስቆሙት የተበላሸ የዲኤንኤ ፊደል መስለው በመግባት ነው፤ ፖሊመሬዝ ጋማም አንዳንዴ ይታለልላቸዋል። ለኤችአይቪ ይሰጥ የነበረው ዚዶቩዲን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጡንቻ ማድከሙ በ1990 ተገልጿል። ስታቩዲን ደግሞ የስብ መሳሳትና የላክቴት መብዛት ያስከትል ስለነበር የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ቀስ በቀስ ከአገልግሎት እንዲወጣ መክሯል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የፊያሉሪዲን ታሪክ ነው። በ1993 አሜሪካ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው 15 ሰዎች መድኃኒቱን ወሰዱ። ከሳምንታት በኋላ 7ቱ ከባድ የጉበት ውድቀትና የላክቴት ክምችት ገጠማቸው፤ 5ቱ ሞቱ፣ 2ቱ በጉበት ንቅለ ተከላ ተረፉ። ቀደም ብሎ በአይጥ ላይ በተደረገ ፍተሻ ይህ አልታየም ነበር። ኋላ እንደተደረሰበት፣ መድኃኒቱን ወደ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚያስገባው አጓጓዥ በሰው ማይቶኮንድሪያ ላይ አለ፤ በአይጥ ማይቶኮንድሪያ ላይ የለም። ዛሬ የዚህ ዓይነት አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በሰው ሕዋስ ማይቶኮንድሪያ ላይ የሚፈተሸው እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው። አሁን በስፋት የሚሰጡት የኤችአይቪ መድኃኒቶች በዚህ ረገድ እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ ይህን አንብቦ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ራሱን ከዚያ ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

ሕፃናት ላይ ልዩ ጥንቃቄ

በ1963 አውስትራሊያዊው ሐኪም ዳግላስ ራይ የገለጸው በሽታ በስሙ ይጠራል። ልጁ ከኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ከሚባለው ቺክን ፖክስ እያገገመ ሳለ በድንገት ደጋግሞ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፣ ይደነግራል፤ ጉበቱ በጥቃቅን የስብ ነጠብጣብ ይሞላል፣ አንጎሉ ያብጣል። ቫይረሱ አስቀድሞ ያጨናነቀውን የጉበት ማይቶኮንድሪያ አስፕሪን ሲጨመርበት ይጥለዋል። በአሜሪካ በ1980 ብቻ 555 ሕፃናት ተመዝግበው ነበር፤ አስፕሪን ለልጆች እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ከተሰራጨ በኋላ፣ ከ1987 ጀምሮ በዓመት ከ36 አልበለጡም።

ስለዚህ ትኩሳት ላለበት ልጅም ሆነ ታዳጊ አስፕሪን አይሰጥም። ፓራሲታሞል ከተሰጠ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ነው። በልብ ወይም በደም ሥር ሕመም ምክንያት ሐኪም አስፕሪን ያዘዘለት ልጅ ግን በራስ ውሳኔ አይቋረጥበትም፤ ሲታመም ወዲያው ሐኪሙን ማማከር ነው።

ትኩሳትና ባዶ ሆድ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚፈጠር ሲፒቲ2 የሚባለው ኢንዛይም በግልጽ ያሳያል። ሥራው የስብ አሲድን ወደ ማይቶኮንድሪያ ማስገባት ነው። ጃፓን ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ አንጎላቸውን ባጠቃው ሕፃናት ላይ የተገኘ የዚህ ኢንዛይም ዓይነት በተለመደው ሙቀት ይሠራል፣ ትኩሳቱ ወደ 41 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ይፈታል። ሰውነት በአንድ ዲግሪ ትኩሳት የጉልበት ፍላጎቱ ከ10 እስከ 13 በመቶ ይጨምራል። ልጁ ምግብ ካልበላ ግሉኮሱ ያልቃል፤ ወደ ስብ ሲዞር በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። በዘር የሚተላለፍ የማይቶኮንድሪያ በሽታ ያለባቸው ልጆች በተራ ጉንፋን እንኳ ድንገት የሚወድቁትም በተመሳሳይ ሒሳብ ነው። ለእነርሱ ረጅም ሰዓት ያለ ምግብ ማደር አይፈቀድም፤ የሚያስመልሳቸው ከሆነ በደም ሥር ግሉኮስ ለመስጠት ፈጥኖ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ቤተሰቡም የሐኪም የድንገተኛ ጊዜ ደብዳቤ በእጁ ቢይዝ ብዙ ሰዓት ይተርፋል። የፖሊመሬዝ ጋማ ጉድለት ላለባቸው ደግሞ ቫልፕሮኤት የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጉበት ስለሚያወድም አይሰጥም።

ይህ ሁሉ እንዴት ይለካል?

በቤተ ሙከራ የተለመደው መንገድ ሕዋሳቱ የሚበሉትን ኦክስጅን መለካት ነው፤ ሲሆርስ የሚባለው መሣሪያ ለዚህ ይውላል። 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ከ10 ሺህ እስከ 40 ሺህ ሕዋሳት ይዘራሉ፣ በቫይረስ ይያዛሉ፣ ከዚያ ባይካርቦኔት በሌለው ፈሳሽ ታጥበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌለበት ማሞቂያ በ37 ዲግሪ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያሉ። መጀመሪያ እንዳሉ ይለካሉ። ቀጥሎ 1.5 ማይክሮሞላር ኦሊጎማይሲን ይጨመራል፤ ሞተሩን ስለሚያቆመው የወረደው የኦክስጅን ፍጆታ ኤቲፒ ለማምረት ይውል የነበረው ነው። ከዚያ ኤፍሲሲፒ ይገባል፤ የፕሮቶኑን ግድብ ያፈርሰዋል፣ ሰንሰለቱም በሙሉ አቅሙ ይሮጣል። በመጨረሻ ሮቴኖን እና አንቲማይሲን፣ እያንዳንዳቸው 0.5 ማይክሮሞላር፣ ሰንሰለቱን ይዘጉታል፤ የሚቀረው ፍጆታ የማይቶኮንድሪያ አይደለም።

በቫይረስ የተጎዱ ሕዋሳት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ልኬት ጤነኛ ይመስላሉ፤ ጉዳቱ የሚጋለጠው ኤፍሲሲፒ ላይ ነው። መጠባበቂያ አቅማቸው አልቋልና ሲገፉ አይሮጡም። በየቀኑ ሥራው ደህና የሆነ፣ ደረጃ ሲወጣ ግን የሚዝል ሰው ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ስህተት የሚገባውም በብዛት እዚሁ ነው። የኤፍሲሲፒ መጠን ለእያንዳንዱ የሕዋስ ዓይነት ከ0.5 እስከ 2 ማይክሮሞላር ባለው ክልል ተሞክሮ ካልተወሰነ፣ ሲበዛ ራሱ ሰንሰለቱን ያዳክምና «ቫይረሱ ጎዳው» ያሰኛል። ከልኬቱ በኋላ ሕዋሳቱ ካልተቆጠሩ የሞቱት እንደ ደከሙ ይቆጠራሉ። ለአንድ ሕዋስ በአማካይ አንድ ቫይረስ ከተሰጠ 37 በመቶ የሚሆኑት ሕዋሳት ጨርሶ አይያዙም፤ በአማካይ ሦስት ሲሆን ያልተያዙት ወደ 5 በመቶ ይወርዳሉ። ይህን ያላሰላ ሰው የጤነኞቹንና የታመሙትን ድብልቅ ይለካል። የቫይረሱ ፈሳሽ ራሱ ኢንተርፌሮን ሊይዝ ስለሚችል ማነጻጸሪያው ባዶ ፈሳሽ ሳይሆን በአልትራ ቫዮሌት የተገደለ ያው ቫይረስ ቢሆን ይመረጣል።

ቫይረሱ ከሄደ በኋላ

በ2023 የታተመ ጥናት በኮቪድ 19 የሞቱ ሰዎችን አካል መርምሮ፣ በሳንባ የማይቶኮንድሪያ ጂኖች ሥራ ሲያንሰራራ በልብ፣ በኩላሊትና በጉበት ግን እንደታፈነ መቆየቱን አሳይቷል። በ2024 ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ የኮቪድ ሕመም የቀጠለባቸው 25 ሰዎችና 21 ጤነኞች አቅማቸው እስኪያበቃ ብስክሌት እንዲመቱ ተደርጎ፣ ከሳምንት በፊትና በማግሥቱ የጡንቻ ናሙና ተወሰደ። በሕመምተኞቹ ጡንቻ የማይቶኮንድሪያው ሥራ ቀድሞም ዝቅ ያለ ነበር፤ ከብስክሌቱ በኋላ ይበልጥ ወረደ፣ የጡንቻ ጉዳትም ታየ። እነዚህን ሰዎች «ሰንፈህ ነው፣ ተነሥና ሩጥ» ማለት ስህተት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው።

በተግባር ማየት ያለብን በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን የሚሆነውን ነው። ከእንቅስቃሴ በኋላ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ድካሙ፣ ሕመሙ ወይም የአእምሮ መደንዘዙ የሚብስበት ሰው የሠራው ከአቅሙ በላይ ነው። ሥራውን ከፋፍሎ፣ ከመድከሙ በፊት አርፎ፣ ማግሥቱ ሰላም የሆነበትን መጠን ይዞ ይቆያል፤ ያ መጠን ለሳምንታት ካልከበደው ብቻ በጥቂቱ ይጨምራል። የማግሥት መባባስ የሌለበት ሰው ግን ቀስ በቀስ መንቀሳቀሱ ይጠቅመዋል፤ ረጅም መኝታ በራሱ ማይቶኮንድሪያን ይቀንሳልና።

«ማይቶኮንድሪያን የሚያድስ» ተብሎ የሚሸጥ እንክብል ብዙ ነው። ከእነዚህ ታዋቂው ኮኤንዛይም ኪው10 ዴንማርክ ውስጥ የኮቪድ ሕመም በቀጠለባቸው 121 ሰዎች ላይ በቀን 500 ሚሊግራም ለ6 ሳምንታት ተሞክሮ ከባዶ እንክብል የተለየ ውጤት አላሳየም። ከመግዛት በፊት ድካም የሚያመጡ ሌሎች ሕመሞችን ማስመርመር ይቀድማል፤ የደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ሥራ።

ከቫይረስ ሕመም በኋላ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ያልተስተካከለ የልብ ምት ወይም ጋደም ሲሉ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም። የልብ ጡንቻ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ የልብን ኤሌክትሪክ በሚያነበው ኢሲጂና ትሮፖኒን በሚባል የደም ምርመራ ይጣራል። ከተረጋገጠም ከባድ ስፖርት ለተወሰነ ጊዜ ይከለከላል፤ ተመልሶ የሚጀመረውም ልብ ዳግመኛ ከተመረመረ በኋላ ነው።